ሰሌዳ ቁጥር ዘጠኝ፦ ባዶ

ሚያዝያ 6፣ ማክሰኞ

የበረዶው ወቅት ተጀመረ ልበል? የራዳሩ አንቴና ከጠዋት ጀምሮ እየዞረ ነው። ጣሪያው ላይ ሲያቃስት እስከ ሻይ ክፍሉ ድረስ ይሰማል። ቅባት ይፈልጋል። የእኔም ጉልበት እንደዚያው...

አርባ አንድ ሰሌዳ ወጥቷል። ሰሌዳ የምንለው ክንድ የማይሞላ ፎም ነው፤ በአሉሚኒየም ወረቀት ተለብጦ ማሳ መካከል እንጨት ላይ ይቸነከራል። በረዶ ሲወርድበት ይሰረጎዳል። ስርጉዳቱን ጋሽ ሚሊሜትር ይለካሉ። ትክክለኛ ስማቸውን ከደመወዝ ክፍል ሰዎች በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ራዳሩ ብቻውን አይበቃም፤ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሲታይ ከባድ ዝናብ ይሁን በረዶ በእርግጠኝነት አይለይም። መሬት ላይ ያለ ሰው "ወርዷል" ወይ "አልወረደም" ማለት አለበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሰማይ ያለውንና መሬት ያለውን ማስታረቅ። ሰው ማስታረቅ ሌላ ሙያ ነው፣ እሱን አልችልበትም።

ከሰዓት በኋላ ምሥራቁ ሸለቆ ላይ ቀላ። የራዳሩ ቁጥር ሃምሳ ሦስት ደረሰ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሃምሳ ሁለት ሲሞላ ኮምፒውተሩ ራሱ ለገበሬዎቹ በስልክ መልእክት ይልካል፤ በረዶ እየመጣ ነው፣ መረባችሁን ዛፉ ላይ ዘርጉ። ለምሥራቁ ሸለቆ ግን ስልሳ ካልሞላ አይልክም። እኔ ነኝ ያስወሰንኩት። የዚያ ሸለቆ ደመና ይቀላል እንጂ አያወርድም። ፎካሪው ሸለቆ ብለን ስም አውጥተንለታል። ጥናቱ ኮሪደሩ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል፣ ስሜ ከታች አለ። ሳልፍ አንዳንዴ አየዋለሁ... አልዋሽም፣ ሁልጊዜ ነው የማየው።

ሚያዝያ 9፣ ዓርብ

የሳምንቱ ካርዶች መጡ። ሰሌዳ ጠባቂዎቹ ከበድ ያለ ዝናብ ባለፈ ቁጥር አንድ ካርድ ይሞላሉ፤ ሰሌዳውን ነቅለው በአዲስ ይተኩና አሮጌውን ከካርዱ ጋር አስረው በአውቶቡስ ይልካሉ።

ካርዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ገበሬ መጻፍ አይወድም ብዬ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ "ከዝናቡ በኋላ ማሳው ላይ ምን አለ?" አተር የሚያህል፣ ለውዝ የሚያህል፣ እንቁላል የሚያህል ይሉናል። ካልወረደ "ባዶ" ብላችሁ ጻፉ ብዬ ስልጠናው ላይ ነግሬያቸዋለሁ። ባዶ የተባለውን ሰሌዳ አንለካውም። በከንቱ የጋሽ ሚሊሜትርን ዓይን መጨረስ ነው። እንደታሰረ መጋዘን ይገባል።

ከዘጠኝ ቁጥር የመጣው ካርድ፦ "ውሃ።"

ታላቅ ወንድሜ ነው። ከዝናቡ በኋላ ማሳው ላይ ምን አለ? ውሃ። እውነቱን ነው። ጋሽ ሚሊሜትር ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ዜሮ ብዬ መዘገብኩት። ከዚያ ካርዱን ገልብጬ አየሁ። ጀርባው ላይ ምንም የለም። ምን ጠብቄ ነበር? ሰላምታ?

ከተኳረፍን ሦስት ዓመት ሊሆነን ነው። እናታችን ስትታመም ወቅቱ ይኸው ወቅት ነበር። ነገ እመጣለሁ፣ ነገ እመጣለሁ... ደመናው አለቀቀኝም። ስደርስ ተቀብራለች። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ "ደመናሽን ጥለሽ መጣሽ?" አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረኝም። ከዚያ ወዲህ ስደውል አያነሳም፤ እኔም መደወሉን ተውኩት።

ሰሌዳ ዘጠኝ የእሷ ነበር። ስልጠናው ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር፣ አስተማሪዋ ልጄ ናት እያለች ለጎረቤቷ። ስትሞት ወንድሜ ማንም ሳይጠይቀው ቀጠለበት። ከኮረብታው ማዶ፣ በምሥራቁ ሸለቆ ያለን ሰሌዳም የእሱ ብቻ ነው። አሥር ቁጥር ነበር፣ ባለቤቱ ለዶሮ ቤቱ በር አደረገው። ለምን እንደቀጠለ አላውቅም። ለእሷ ብሎ ይሆናል። ለእኔ ብሎማ ቢሆን ኮኩን ይልክልኝ ነበር።

እናቴ በየዓመቱ ኮኩ ሲደርስ አንድ ካርቶን ሙሉ በአውቶቡስ ትልክልኝ ነበር። እሷ ከሞተች ሁለት ወቅት አለፈ፣ አንድ ፍሬ አልመጣም። ኩርፊያው እስከ ኮክ ደርሷል።

ሚያዝያ 15፣ ሐሙስ

ስክሪኑ ሙሉ ቀን አረንጓዴ። ዝናብ ብቻ። ጉልበቴን አመመኝ።

ሚያዝያ 22፣ ሐሙስ

ፎም አለቀ። አለቃችን ዘንድ ገባሁ። ምንም ነገር ሲጠየቅ "ይታያል" ስለሚል፣ ዞር ሲልልን አቶ ይታያል ነው የምንለው። ፎም የለም አልኩት። ይታያል አለኝ። ራዳር ቤት ውስጥ ታይቶ የማያውቅ ነገር ቢኖር የእሱ ይታያል ነው።

መላውን ጋሽ ሚሊሜትር አመጡት። መጋዘኑ ውስጥ የተከመሩት "ባዶ" የተባሉት ሰሌዳዎች አልተመቱም፣ ንጹሕ ናቸው፤ ፈትተን ለምን ድጋሚ አንልካቸውም? ስንት ይሆናሉ አልኳቸው። ከመቶ በላይ። ይህን ያህል ጊዜ ሳናስበው... ነገ መፍታት ይጀምራሉ። ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የምተኛው፣ በፎም ደስ የሚለው ሰው ከእኔ ሌላ ካለ።

ሚያዝያ 23፣ ዓርብ

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ረፋዱ ላይ ጋሽ ሚሊሜትር በውስጥ ስልክ ደወሉ። "ልጄ፣ እስኪ መጋዘን ውረጂ።" ይኸው ብቻ። ድምፃቸው ደህና አልነበረም። ወድቀው ይሆናል ብዬ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። አልወደቁም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ሰሌዳ ይዘዋል። የተጠቀለለበት ጋዜጣ እግራቸው ሥር ወድቋል።

ሰሌዳው ላይ ደህና ቦታ የለም። አሉሚኒየሙ ተበጣጥሶ ፎሙ ከውስጥ ይታያል። አንዳንዱ ስርጉዳት አውራ ጣት ያስገባል። አስገብቼ አየሁ።

"ቁጥሩ ስንት ነው?" አልኳቸው። እያወቅኩት ነው የጠየቅኩት። ገመዱ የወንድሜ አስተሳሰር ነው፣ ሁለት ዙር ከዚያ መስቀለኛ፤ እናታችን ናት ያስተማረችን።

"ዘጠኝ ነው" አሉ። "እንደዚህ ያሉት አራት ናቸው። አራቱም የዘጠኝ።"

ካርዱ አብሮ ታስሯል። በትልልቅ ፊደል፦ ባዶ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን ነበር? እሱ ነው የተሳሳተው የሚል። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ቢሮ ውስጥ ማንም የለም። የዘጠኝን ካርዶች በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ሃያ ሰባት ናቸው። ሃያ ሦስቱ ላይ "ውሃ"፣ "ጭቃ"፣ አንዱ ላይ "ቅጠል"። የእነሱን ሰሌዳዎች ከመጋዘን አስወጥቼ አየሁ፣ ሁሉም ንጹሕ። አራቱ ላይ "ባዶ"።

ያልወረደ ቀን "ውሃ" የሚል ሰው... "ባዶ" ያለው መቼ ነው?

ስልጠናው ላይ የነበረችው እናታችን ናት። እሱ አልነበረም። "ካልወረደ ባዶ በሉ" ያልኩትን አልሰማም። እሱ ያየው ካርዱን ብቻ ነው። ከዝናቡ በኋላ ማሳው ላይ ምን አለ? ምን ይበል? ፍሬው ረግፏል፣ ቅጠሉ ረግፏል። ባዶ። ለተጠየቀው መለሰ። እኔ ዜሮ ብዬ አነበብኩት። ወንድሜ ምንም አልቀረም ሲለኝ፣ ምንም አልሆነም ብዬ እየመዘገብኩ ሁለት ዓመት።

የአራቱን ቀን የራዳር ምስል ከማኅደር አወጣሁ። ሃምሳ ስድስት። ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ አምስት። ሃምሳ ዘጠኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የካቻምና ናቸው፣ የመልእክቱ ነገር ገና ሳይጀመር። እነሱን ይዤ ነው እንግዲህ "ሸለቆው ይፎክራል እንጂ አያወርድም" ብዬ ወሰኑን ስልሳ ያስደረግኩት። በአንድ ሰሌዳ። አምና መልእክቱ ሲጀመር ለገበሬው ሁሉ መረብ ታደለ፤ ለወንድሜም ደርሶታል። ደመናው መጣ፣ ሃምሳ አምስት፣ ስልሳ አልሞላም፣ መልእክት አልሄደለትም። መረቡን አልዘረጋም። "ባዶ" ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ደግሞ ለአቶ ይታያል "አየህ፣ ልክ ነበርን" አልኩት። በዚህ አፌ ነው ያልኩት።

ኮኩስ? ያልላከልኝ ስለሌለው ነው። እኔ ኩርፊያ ነው ብዬ ሁለት ዓመት ሆድ ሲብሰኝ ከረመ።

ሚያዝያ 26፣ ሰኞ

አራቱን ሰሌዳ ተሸክሜ አቶ ይታያል ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው። ፎሙ ወረቀቱ ላይ ተፈረፈረ፣ በእጁ ጠረገው። ሁሉንም ነገርኩት። ወሰኑ ዛሬውኑ ሃምሳ ሁለት ይሁን አልኩ። ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው፣ ያለ እሱ ቁጥሩ አይቀየርም።

መሳቢያውን ከፍቶ ሁለት ደብዳቤ አወጣ። ከሸለቆው የመጡ ናቸው፣ የአምና፤ በረዶ መታን፣ መልእክት አልደረሰንም የሚሉ። ነፋስ ያረገፈው ይሆናል ብሎ አስቀምጧቸው ኖሯል። ለምን አላሳየኸኝም አልኩት። ጥናቱ አያወርድም ይላል እኮ፣ ያንቺ ጥናት፣ አለኝ።

ዛሬ ተሳስተናል ብንል ሌላው ሸለቆስ እንዴት ያምነናል፣ ይላል። ኮሚቴ አለ፣ በግንቦት መጨረሻ ይሰበሰባል።

"እስከዚያ ወቅቱ ያልቃል እኮ" አልኩት።

"ይታያል" አለኝ።

ሚያዝያ 29፣ ሐሙስ

ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ... አልተነሳም። መልእክት ልጻፍ ብዬ "ካርድህን ያነበብኩት ተሳስቼ ነው" ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። የሁለት ዓመት ፍሬ ያረገፈ ነገር በስልክ መልእክት ይነገራል? "ደህና ነህ?" አልኩ። እሱንም አጠፋሁ። ምን ዓይን አለኝ።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

አዲስ ካርድ አሳተምኩ። ሁለት መስመር አለው፦ "በረዶ ወርዷል? ምን ያህላል?" እና "ምን ጎዳ?" ሁለተኛዋን መስመር ከመጀመሪያው ጨምሬ ቢሆን... ገበሬ መጻፍ አይወድም ብዬ። መጻፍ የማይወደውስ ማነው? ለወንድሜ በሚሄደው ፖስታ ውስጥ ደብዳቤ ልጨምር ብዬ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሦስቴም ቀደድኩ። ካርዶቹን ብቻ ላክሁ። ወቅቱ ይለፍና በአካል ሄጄ እነግረዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ወቅቱ ይለፍ። ነገ እመጣለሁ። ይህን ነገር የት ነው የማውቀው?

ግንቦት 6፣ ሐሙስ

ጋሽ ሚሊሜትር አራቱን ሰሌዳ ለክተው ጨረሱ። አልነገሩኝም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ትልቁ ሠላሳ ስምንት ሚሊሜትር።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ቁም ሳጥን ላይ ያለችውን የእናቴን ሳጥን አወረድኩ። ከቀብሩ ማግስት ለማስታወሻ ብዬ ያመጣኋቸው ዕቃዎች ናቸው፤ ሻርፕዋ፣ መነጽርዋ፣ አንድ ደብተር። ደብተሩን ከፍቼው አላውቅም ነበር። የዕቃ መግዣ ዝርዝር ያለበት መስሎኝ።

የስልጠናው ደብተር ነው። ያልኩትን ሁሉ ጽፋዋለች፣ ያስነጠስኩትን ብቻ ነው የተወችው። ሰሌዳው እንዴት ይቸነከራል። ካርዱ መቼ ይሞላል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦ "በረዶ ካልወረደ ባዶ ነው የሚባለው። ልጄ እንዳለችው።"

ይህ ደብተር እዚያ ቤት መደርደሪያ ላይ መሆን ነበረበት። ወንድሜ ሰሌዳውን ሲረከብ አንስቶ ያየው ነበር። ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ። ናፍቃኝ ነው ይዤው የመጣሁት።

ግንቦት 11፣ ማክሰኞ

ከቀኑ ስምንት ተኩል ላይ ምሥራቁ ሸለቆ ጫፍ ላይ ነቁጥ ታየች። ሠላሳ አምስት። ምስሉ በየአሥር ደቂቃው ነው የሚታደሰው፤ በመካከሉ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ስምንት ከአርባ፦ አርባ ስምንት። ስምንት ከሃምሳ፦ ሃምሳ ሦስት። ኮምፒውተሩ ዝም። ዘጠኝ ሰዓት፦ ሃምሳ ሰባት፣ ኮረብታውን ተሻግሮ ወደ ወንድሜ ቤት ዞሯል። ዝም። አቶ ይታያል ስብሰባ ላይ ነው፣ ስልኩን ዘግቷል።

ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ። ጠራ። እንደገና ደወልኩ። በአራተኛው አነሳው። ሦስት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ "አቤት" አለኝ። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

"ጋሼ፣ መረቡን ዘርጋ። አሁኑኑ። ሩብ ሰዓት የለህም።"

ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

"ምን ላይ?" አለኝ።

አልገባኝም። ዛፎቹ ላይ ነዋ፣ ኮኩ ላይ፣ አልኩት።

"ዛፍ የለም። በየካቲት ቆረጥኳቸው።"

ከዚያ ምን ብዬ ጠየቅኩት? ለምን አልነገርከኝም አልኩት። እኔ፣ እሱን።

"ነግሬሽ የለም ወይ? ባዶ ነው ብዬ አራት ጊዜ ጻፍኩልሽ። ከዚያ በላይ ምን ልበልሽ?"

ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ወዲያው ቆርቆሮው ላይ መውረድ ጀመረ፣ በስልኩ ሰማሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በረዶ አጥንቻለሁ፤ ሰው ቤት ላይ ሲወርድ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። "መጣ" አለ። "በይ ደህና ሁኚ፣ ላሟን ላስገባ።" ዘጋው።

ስክሪኑ ሃምሳ ስምንት ይላል።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

ሥራ አልገባሁም። አሞኛል አልኩ። ውሸት አይመስለኝም።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። አውቶቡሱ ኮረብታውን ሲዞር ወደ ኋላ አየሁ፤ የራዳሩ ነጭ ክብ ጣሪያ ከኮረብታው ጀርባ ጠፋ። ከማዶ ሆኖ የሚያየን ሰው የለም ማለት ነው።

በሩን የከፈተችው የወንድሜ ሚስት ናት። አቀፈችኝ፣ ከዚያ ኩርፊያው ትዝ ያላት ይመስል ለቀቀችኝ። ወንድሜ ውሃ ሊቀዳ ወርዷል። በጓሮ በኩል ወጣሁ። ሰባ ሁለት ዛፍ ነበር፣ አባታችን የተከላቸው፤ ልጆች ሆነን ለእያንዳንዱ ስም አውጥተንለት ነበር። አሁን ጉቶ ነው። ቆጠርኳቸው፣ ምን እንደሚሠራልኝ እንጃ። መካከላቸው ሰሌዳው ቆሟል፣ የማክሰኞው ስርጉዳት እንዳለበት። አልነቀለውም፣ ካርድም አልላከም። መረቡ በረንዳው ላይ ከነመጠቅለያው አለ። ድመት ተኝታበታለች።

የወንድሜ ሚስት አጠገቤ መጥታ ቆመች። የመጀመሪያውን ዓመት ይሁን ብለን ዋጥነው አለች። አምና ግን መረብ አለን፣ ስልክ አለን። "ደመና በመጣ ቁጥር ስልኩን እጁ ላይ ይዞ ይቆማል። እንዘርጋ ስለው፣ ቆይ፣ እሷ ካላለች አይወርድም፣ ይለኛል። ነፋስ መረቡን ይቀደዋል፣ ዝም ብሎ አይዘረጋም፣ እሷ ታውቃለች፣ ይለኛል። አንቺን ቢያኮርፍም ሥራሽን አያኮርፍም ነበር።"

እዚያው ጉቶ ላይ ቁጭ አልኩ።

ወንድሜ መጣ። አርጅቷል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ካርዱን፣ ዜሮውን፣ ስልሳውን። የእናታችንን ደብተር ከቦርሳዬ አውጥቼ ሦስተኛውን ገጽ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ አነበበው፣ አንድ መስመር ናት እኮ። ጣቱን "ልጄ እንዳለችው" የሚለው ላይ አድርጎ ቆየ።

"እኔ ደግሞ ሰምተሽ ዝም ያልሽኝ መስሎኝ ነበር" አለ።

ይቅር በለኝ አልኩት። አዎም እሺም አላለኝም። መልሰህ አትተክልም ወይ አልኩት፤ ኮክ እስኪያፈራ አራት አምስት ዓመት ነው፣ ስልሳ ልሞላ ነው እኮ አለኝ። ስልሳ። እሱ ግን ስለ ዕድሜው ነው ያወራው። የጎረቤቶቹስ ዛፍ፣ መልእክቱ ይስተካከልላቸዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ማለት ፈልጌ ነበር። ኮሚቴ አለ አልኩት። ገባው።

"ሻይሽን ጠጪ፣ አውቶቡሱ አሥር ሰዓት ላይ ነው" አለኝ። ደብተሩን አልመለሰልኝም። አልጠየቅኩትም።

ግንቦት 27፣ ሐሙስ

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ወሰኑ በዚህ ወቅት አይነካም፤ በሚቀጥለው ዓመት ከተጨማሪ መረጃ ጋር ይታያል። ተጨማሪው መረጃ ከየት ሊመጣ? ከማዶ ያለን አንድ ሰሌዳ ነው፣ እሱም ጉቶ መካከል ቆሞ ቀርቷል።

ጥናቱን ከኮሪደሩ አውርጄ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኩት። ከምሳ ስመለስ ቦታው ተሰቅሎ አገኘሁት። መስታወቱ ሳይቀር ተወልውሏል።

ሰኔ 2፣ ማክሰኞ

ሸለቆው እንደገና ቀላ። ሃምሳ አራት። ኮምፒውተሩ ዝም። የሸለቆውን ገበሬዎች ስልክ ከመዝገብ ገልብጬ ይዤ ነበር፣ አሥራ አንድ ናቸው። በራሴ ስልክ ደወልኩ። ሰባቱ የማያውቁት ቁጥር ስለሆነ አላነሱም። አራቱ አነሱ። አንዱ እሺ ብሎ ሊዘረጋ ሄደ። አንዷ ቀብር ላይ ነኝ አለች። ሁለቱ ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ የመልእክቱ ሰዎች ምንም አላሉንም፣ እነሱ ካላሉ አይወርድም።

እነሱ እኔ ነኝ አላልኳቸውም።

ወንድሜ ዘንድ አልደወልኩም። ምን ላይ ይዘርጋ?

ሰኔ 5፣ ዓርብ

የሳምንቱ ካርዶች መጡ። ከዘጠኝ ቁጥርም አለ። ይልካል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሰሌዳው አዲስ የነበረ ነው፤ ከሄድኩ በኋላ አሮጌውን ነቅሎ ተክቶታል ማለት ነው። ባዶ መሬት ላይ።

ካርዱ አዲሱ ነው። በረዶ ወርዷል? ምን ያህላል? "ወርዷል። ከለውዝ ይበልጣል፣ ከእንቁላል ያንሳል።" ምን ጎዳ? "ባዶ።"

ገለበጥኩት። እንደ ልማዴ። ጀርባው ላይ በእርሳስ፦ "ሰሌዳውን ብቻ ነው የመታው።"

ለጋሽ ሚሊሜትር አልሰጠኋቸውም። ገመዱን ሳልቆርጥ ፈታሁት፣ ሁለት ዙሩን፣ መስቀለኛውን። ስርጉዳቱን አንድ በአንድ ራሴ ለካሁ። ትልቁ ሃያ አራት ሚሊሜትር። ጋሽ ሚሊሜትር በሩ ላይ ቆመው አዩኝና ተመለሱ።

ከዚያ መዝገቡን ከፈትኩ። "ጉዳት" በሚለው ሥር እስክሪብቶዬ ትንሽ ቆየ። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። የሚጎዳ ነገር የለውማ። ወንድሜ ባዶ ብሎ ከላከልኝ ሁሉ በትክክል ዜሮ ብዬ ያነበብኩት ይህ የመጀመሪያው ነው።